የሕክምና ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሌን እንዴት ልመዝን?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዐምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 25 ሲሆን የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወላጆቼ በዲቪ ሲመጡ በ17 ዓመቴ አብሬያቸው መጣሁ፤ አሁን የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። ኮሚውኒቲ ኮሌጅ የጀመርኩት እንግሊዝኛዬ ገና ሳይጠና ነበር፤ ማታ ማታም የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ስለነበር በመጀመሪያው ዓመት የወሰድኳቸው 30 ክሬዲቶች ውጤት 2.7 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን 90 ክሬዲቶች ግን በ3.7 ጨርሼ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ኤምካት በተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ 507 አመጣሁ፤ በሦስቱ የሳይንስ ክፍሎች 129፣ 127 እና 129፣ በንባብ ክፍሉ 122 አግኝቻለሁ። ሁለት ዓመት በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን አረጋውያንም ሐኪም ቤት እየሄድኩ በነፃ አስተረጉማለሁ። ሐኪም ሲሠራ አጠገቡ ሆኜ የተመለከትኩት ግን 20 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ምርምር ላይም አልተሳተፍኩም። ዕድሌን የሚያሰሉ ሁለት ድረ ገጾች ሞክሬ አንዱ 62 በመቶ፣ ሌላው 38 በመቶ አለኝ። ጓደኞቼ «ጥቁር ስለሆንሽ ይቀበሉሻል» ይሉኛል፤ አባቴ ደግሞ የካሪቢያን ደሴቶች ትምህርት ቤት ቶሎ ስለሚቀበል ወደዚያ እንድሄድ ይፈልጋሉ። በመጪው ጁን ላመልክት? እውነተኛው ዕድሌስ ምን ያህል ነው?
ቤ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የሚያኮሩትን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍሩ የሚመስሉትን ቁጥሮችም ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ያለ እነርሱ የምሰጠው መልስ ማጽናኛ ብቻ በሆነ ነበር። አስቀድሜ ሐሳቤን ልናገር፦ ሐኪም የመሆን ዕድል አለዎት፣ ነገር ግን በመጪው ጁን ቢያመለክቱ ከሚገባዎት ባነሰ ማስረጃ ይቀርባሉ። ስለዚህ አንድ ዓመት ቢቆዩ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቶቼን በየተራ እዘረዝራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ድረ ገጾቹ። ሁለት ማስሊያዎች በአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ሲራራቁ ትክክለኛው በመካከላቸው ነው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ሁለቱም የማያውቁት ነገር በዝቷል ማለት ነው። አብዛኞቹ የሚነሡት የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ ከሚያወጣው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ አመልካቾችን በጂፒኤ (በአማካይ የኮሌጅ ውጤት) እና በኤምካት ደረጃ ከፋፍሎ፣ ከየደረጃው ስንቱ ቢያንስ በአንድ ትምህርት ቤት ተቀባይነት እንዳገኘ ያሳያል። እርስዎ ባሉበት ረድፍ ከተቀመጡት ውስጥ የተሳካላቸው ከግማሽ ያንሳሉ። ነገር ግን በዚያው ረድፍ ውስጥ ማመልከቻውን በመስከረም ያስገባው፣ ሦስት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችን ብቻ የሞከረው፣ ሕመምተኛ አጠገብ ደርሶ የማያውቀው፣ እንዲሁም ሁሉን በወቅቱና በጥንቃቄ ያደረገው ሰው አብረው ተቆጥረዋል። በተቃራኒው ጂፒኤያቸው ከ3.79 በላይ፣ ኤምካታቸውም ከ517 በላይ ከሆኑት መካከል እንኳ ከአምስት አንዱ ገደማ አንድም ቦታ ሳያገኝ ይቀራል። ሠንጠረዡ የብዙ ሰዎችን ዕጣ በአንድነት ይናገራል እንጂ የእርስዎን ማመልከቻ አላነበበም።

ሌላም የሚያሳስት ቁጥር አለ። በ2023 ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ያመለከቱት ከ52 ሺህ በላይ ሲሆኑ የገቡት ወደ 23 ሺህ የሚጠጉ ናቸው፤ ይህም ከመቶው 44 ገደማ ነው። ይህን ሰምቶ «ግማሽ ለግማሽ ነው» የሚል ሰው፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻው ሲታይ ከመቶ አመልካቾች የሚቀበለው ጥቂቶችን ብቻ መሆኑን ይዘነጋል። በአቅራቢያዎ ያሉት ጆርጅታውን እና ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎች ለ200 ገደማ መቀመጫ በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ማመልከቻ ይቀበላሉ። አጠቃላዩ ቁጥር ከፍ የሚለው እያንዳንዱ ሰው በአማካይ ወደ 18 ገደማ ትምህርት ቤቶች ስለሚያመለክት ነው። ስለዚህ ዕድልዎ በእጅዎ ባለው ውጤት ብቻ አይወሰንም፤ የት፣ መቼና በምን ዝርዝር እንደሚያመለክቱም ይወስነዋል።

ወደ ጂፒኤዎ እንምጣ። አምካስ የተባለው የማመልከቻ አገልግሎት በአሜሪካ ኮሌጅ የወሰዱትን ኮርስ ሁሉ ይቆጥራል፤ ኮርሱን ደግመው ቢወስዱም የመጀመሪያው ውጤት አይሰረዝም። የእርስዎ 30 ክሬዲት በ2.7፣ 90 ክሬዲት በ3.7 ተደምሮ 3.45 ይሆናል። በ2023 የገቡ ተማሪዎች አማካይ ግን 3.77 ገደማ ነበር። ተጨማሪ 30 ክሬዲት የከፍተኛ ደረጃ ሳይንስ ወስደው 3.9 ቢያመጡ እንኳ ድምሩ ወደ 3.54 ብቻ ከፍ ይላል፤ የአንድ ዓመት ጥረትና ብዙ ገንዘብ የሚያስገኘው ይህችን ነው። ስለዚህ ድምሩን ለማሳደግ ብቻ ተብሎ ወደ ክፍል መመለስን አልመክርም። የማስተርስ ዲግሪም ለብቻው ስለሚሰላ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ጂፒኤ አያነሣውም። ማመልከቻው ውጤትዎን በየዓመቱ ከፋፍሎ ስለሚያሳይ፣ አስተዋይ ገምጋሚ 2.7 ተከትሎት 3.7 ለሦስት ዓመት ያህል እንደዘለቀ በአንድ እይታ ያያል። ይህ ወደ ላይ የሚወጣ ጉዞ ከእነ ምክንያቱ፣ ማለትም ከአዲስ አገር፣ ከአዲስ ቋንቋና ከማታ ሥራ ጋር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ያለ ልመና ድምፅ ቢገለጽ በቂ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሳይንስ ጂፒኤዎ ነው፤ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ኮርሶችን ለይተው ያስሉ። ከዝቅተኛዎቹ ውጤቶች መካከል አጠቃላይ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ ካለና ከ«ሲ» በታች ከሆነ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ስለማይቀበሉት ያን ኮርስ ብቻ ይድገሙ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፤ እርሱም ኤምካት ነው። ፈተናው ከ472 እስከ 528 ይመዘናል፤ አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ118 እስከ 132 ይሰጣሉ። 507 ከተፈታኞች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን የሚበልጥ የተከበረ ውጤት ነው፤ ነገር ግን በ2023 ከገቡት አማካይ፣ ከ511.7፣ በታች ነው። የሚያስጨንቀኝ ድምሩ ሳይሆን የንባብ ክፍሉ 122 ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ድምሩ ቢበቃቸውም ከአራቱ አንዱ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያሳልፉትም። በሌላ በኩል ሦስቱ የሳይንስ ውጤቶችዎ ትምህርቱን መሸከም እንደሚችሉ ይመሰክራሉ፤ የንባብ ክፍሉ ብቻ ወደ 126 ቢወጣ ድምሩ 511 ይሆናል።

ይህ ክፍል በ90 ደቂቃ ዘጠኝ ጽሑፎችና 53 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ጽሑፎቹ ከፍልስፍና፣ ከታሪክ፣ ከኪነ ጥበብ ሐያሲዎችና ከማኅበራዊ ጉዳዮች የሚወጡ ናቸው። ለአንድ ጽሑፍ ከነጥያቄዎቹ አሥር ደቂቃ ይደርሰዋል ማለት ነው። እስከ 17 ዓመት ድረስ ያነበበውን ሁሉ በአማርኛ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ የሚጎድለው የቃላት ብዛት ብቻ አይመስለኝም፤ ጸሐፊው የራሱን ሐሳብ ከሚቃወመው ሐሳብ ለይቶ ሳይናገር የሚሄድበትን፣ ምፀቱንና ጥርጣሬውን በፍጥነት የመያዝ ልምድ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ወር የቃላት ጥናት አይመጣም። ለስድስት ወይም ለስምንት ወራት በየቀኑ ከባድ የእንግሊዝኛ መጣጥፍ ማንበብ፣ ካነበቡ በኋላ ጸሐፊው ምን እንደሚሟገትና ማንን እንደሚቃወም በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያም ፈተናውን የሚያዘጋጀው ማኅበር ራሱ ባወጣቸው ጥያቄዎች መለማመድ ያስፈልጋል። የንግድ ድርጅቶች የሚሸጧቸው የንባብ ጥያቄዎች ከእውነተኛው ፈተና አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ስለሚርቁ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ባያጠፉ እመርጣለሁ።

ድጋሚ መፈተን ግን በራሱ አደጋ አለው። ውጤቶችዎ ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያሉ፤ በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ፣ በሕይወት ዘመንም ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። ሁለተኛው ውጤት 506 ወይም 507 ቢሆን ያለዎት መልካም ነገር ተዳከመ ማለት ነው። ስለዚህ በትክክለኛው ሰዓትና ሁኔታ በተሠሩ ሦስት ወይም አራት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ላይ ያለማቋረጥ ከ511 በላይ እስኪያመጡ ድረስ አይመዝገቡ። ያንን ካላገኙ በ507 ማመልከት ከመጥፎ ድጋሚ ይሻላል።

የሥራ ልምድዎ ከማመልከቻው ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው። ሁለት ዓመት የሕመምተኛን የደም ግፊት የለካ፣ ታሪኩን የተቀበለ ሰው ወደዚህ ሙያ የሚገባው ዐይኑን ጨፍኖ እንዳልሆነ ገምጋሚው ይረዳል። ለአረጋውያን ማስተርጎሙን እንደ ተራ በጎ ተግባር ቆጥረው በማመልከቻው ጥግ አያስቀምጡት። ማመልከቻው እስከ 15 ተግባራትን ለመዘርዘር ይፈቅዳል፤ ከእነርሱም ሦስቱ በሰፊው ይብራራሉ። ይህ ከሦስቱ አንዱ ቢሆን ይገባዋል። ብቻ ሰዓቱን በሐቅ ይቁጠሩ፣ የሚመሰክር ሰው ስም ያስይዙ፣ የባለሙያ አስተርጓሚ የምስክር ወረቀት ከሌለዎትም ያለዎት አያስመስሉ። የጎደለው የመመልከት ሰዓት ነው፤ 20ውን ወደ 50 ወይም 60 ያድርሱት፣ ቢቻል የተወሰነው ከቤተሰብ ሐኪም ጋር ይሁን። ምርምር አለመሥራት እንደ ጆንስ ሆፕኪንስ ባሉ ምርምር ላይ ባተኮሩ ትምህርት ቤቶች ዕድልን ያጠብባል፤ በሌሎቹ ብዙዎች ግን በር አይዘጋም።

ጓደኞችዎ ስለ ቀለምዎ የሚሉትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 ባሳለፈው ውሳኔ ዘር ራሱን ችሎ ለመግቢያ መመዘኛ እንዳይሆን አድርጓል። አመልካቹ ዘሩ ወይም ትውልዱ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ በራሱ ታሪክ ውስጥ መጻፍ ግን አልተከለከለም። ስለዚህ «ጥቁር ስለሆንሽ ይቀበሉሻል» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል፤ በነገራችን ላይ ለደከመ ሰው የሚነገር ቃልም አይመስለኝም። ሃዋርድ፣ በናሽቪል ያለው ሚሃሪ፣ በአትላንታም ያለው ሞርሃውስ በታሪክ የጥቁሮች የሆኑ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ናቸው። የሚቀበሏቸው ተማሪዎች የኤምካት ውጤት በመካከለኛ ስሌት ከአገር አቀፉ ያነሰ በመሆኑ የእርስዎ ውጤት እዚያ አይጎድልም። ነገር ግን እነርሱም በሺህ ከሚቆጠሩ አመልካቾች ከ100 ጥቂት ከፍ የሚሉ ተማሪዎችን ይመርጣሉ፤ የሚፈልጉት ሐኪም ያጣ ሕዝብ ዘንድ ሄዶ የሚያገለግልን ሰው ሲሆን፣ ይህን በሥራው ያሳየ ሰው ይቀድማል። የአስተርጓሚነትዎ ታሪክ እዚህ ላይ ይናገርልዎታል።

ዝርዝሩን ሲያወጡ ስም ሳይሆን ነዋሪነትን ያስቀድሙ። የስቴት ትምህርት ቤቶች ለነዋሪዎቻቸው ያደላሉ፤ ለእርስዎም የመጀመሪያው ባልቲሞር የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። በአንጻሩ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሆነውና በሲያትል ያለው ትምህርት ቤት ለዋሽንግተን፣ ለዋዮሚንግ፣ ለአላስካ፣ ለሞንታናና ለአይዳሆ ነዋሪዎች የቆመ ስለሆነ፣ ወንድም ወይም አክስት ሲያትል ስላለ ብቻ ገንዘብ አይክፈሉበት። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከሌላ ስቴት ስንት እንደሚቀበልና የተቀባዮቹ ውጤት ከየት እስከ የት እንደሚደርስ የኮሌጆቹ ማኅበር በአነስተኛ ክፍያ በሚያስነብበው የመረጃ ቋት ውስጥ ይገኛል። ከማንኛውም ማስሊያ ይልቅ ይህን አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው ቢያነቡ ይጠቀማሉ።

ከኤምዲ ጎን ለጎን ዲኦ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡትን የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤቶችንም ያካትቱ። በማኅበረሰባችን ውስጥ «እውነተኛ ሐኪም አይደሉም» የሚል ወሬ አሁንም አለ፤ ስሕተት ነው። ተመራቂዎቻቸው ሙሉ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው፤ ከ2020 ጀምሮም ሬዚደንሲ የሚባለው፣ ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል የሚሰጠው ሥልጠና በአንድ ሥርዓት ተጠቃሏል። የሚቀበሏቸው ተማሪዎች አማካይ ኤምካት 504 አካባቢ ስለሆነ እርስዎ አሁን ባለዎት ውጤት እንኳ በእኩል ደረጃ ይቆማሉ። በቨርጂኒያ ብቻ በብላክስበርግና በሊንችበርግ ሁለት አሉ። 

የአባትዎን ሐሳብ በአክብሮት እቃወማለሁ። የካሪቢያን ትምህርት ቤቶች ቶሎ መቀበላቸው እውነት ነው፤ ጥያቄው ከገቡት ስንቱ ይመረቃል፣ ከተመረቁትስ ስንቱ ሬዚደንሲ ያገኛል የሚለው ነው። በ2024 ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች መካከል ሬዚደንሲ የተመደቡት ከ93 በመቶ በላይ ሲሆኑ፣ የኦስቲዮፓቲዎቹም ከ92 በመቶ በላይ ነበሩ። ከውጭ አገር ትምህርት ቤት የወጡ አሜሪካውያን ዜጎች ግን 67 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በመንገድ የቀሩትም በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ያለ ሬዚደንሲ የሕክምና ዲግሪ የሚያተርፈው ዕዳ ብቻ ነው። ለአባትዎ አንድ ዓመት መጠበቅ የዘገየ መስሎ እንደሚታያቸው እገምታለሁ፤ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያሳዩአቸው።

የጊዜው ነገር እንዲህ ነው። ማመልከቻው በሜይ መጀመሪያ ተከፍቶ በወሩ መጨረሻ መላክ ይጀመራል፤ አገልግሎቱ ውጤቶችን እስኪያረጋግጥ ሳምንታት ይወስዳል። ከዚያ በጁላይና በኦገስት ከየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ የጽሑፍ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ቃለ መጠይቁን እንደ አመጣጡ ስለሚሰጡ መቀመጫው እየጠበበ ይሄዳል፤ በጁን የተላከና በመስከረም መጨረሻ የተላከ ተመሳሳይ ማመልከቻ እኩል ዕድል የለውም። እርስዎ አሁን ንባብዎን ጀምረው በመጪው ክረምት መጨረሻ ወይም በጃንዋሪ ቢፈተኑ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሜይ ሁሉን ነገር ጨርሰው ይደርሳሉ።

ወጪውንም አስቀድመው ያስቡ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከ45 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ የሁለተኛው ዙር ጽሑፍ ክፍያ ሲታከልበት ለ20 ትምህርት ቤቶች 3 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። የኮሌጆቹ ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካቾች የክፍያ እርዳታ አለው፤ ለ20 ትምህርት ቤቶች የማመልከቻ ክፍያን ይሸፍናል፣ የኤምካትንም ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን አስቀድሞ ካልተፈቀደልዎ ቀደም ሲል የከፈሉትን አይመልስም፤ ስለዚህ ለፈተናው ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች የመንግሥት ብድርን ለሕክምና ተማሪ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ወስኖታል። የብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወጪ ከዚህ ስለሚበልጥ፣ ዝርዝርዎን ሲያወጡ ዋጋውን ከውጤቱ እኩል ይዩት።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ በጤና መኮንንነት ዲግሪ ይዤ፣ ስድስት ዓመትም በጤና ጣቢያ ሠርቼ በግሪን ካርድ ዳላስ ገብቻለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ዲግሪዬ ለሕክምና ትምህርት ቤት ይቆጠርልኛል? ወይስ ጊዜዬ አልፏል?
ጥ.፣ ከዳላስ

መልስ፦ ዕድሜዎ አያግድዎትም፤ በሠላሳዎቹ የሚጀምሩ ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ፣ የስድስት ዓመት የጤና ጣቢያ ሥራም ሌላው አመልካች የማያገኘው ሀብት ነው። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። የውጭ አገር ውጤት በማመልከቻው ላይ ቢገለጽም በጂፒኤ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው ቢያንስ 90 ክሬዲት ሰዓት በአሜሪካ ወይም በካናዳ ኮሌጅ መወሰድ አለበት ይላሉ። ዲግሪዎን በታወቀ የምስክር ወረቀት ገምጋሚ ድርጅት ያስገምግሙ፣ ከዚያም በአካባቢዎ ያለ ዩኒቨርሲቲ ምን ያህሉን በዝውውር እንደሚቀበል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መንገድዎ ሁለት ዓመት ይሁን አራት የሚወሰነው በዚያ መልስ ነው። ሳይንሱን እንደገና ከአሜሪካ ኮሌጅ መውሰድዎ አይቀርም፤ ለእርስዎ ግን አዲስ የሆነ ጂፒኤ ከዜሮ መጀመር ጥቅምም አለው።

ቴክሳስ ውስጥ መኖርዎ መልካም ነው፤ የስቴቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በሕግ ቢያንስ 90 በመቶ የሚሆነውን መቀመጫ ለቴክሳስ ነዋሪዎች መስጠት አለባቸው። ነዋሪነትዎ ሙሉ ዓመት እስኪሞላውና በሰነድ እስኪረጋገጥ ድረስ የቤት ኪራይ ውልዎንና የደመወዝ ወረቀቶችዎን ያስቀምጡ። ቋሚ ነዋሪ በመሆንዎ ዜግነት እስኪያገኙ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ይህ ሁሉ ከሬዚደንሲ ጋር ተደምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚወስድ፣ ከመጀመርዎ በፊት የሐኪም ተባባሪ የሚባለውን የፊዚሺያን አሲስታንት ሙያም ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው ቢያነጻጽሩት እመክራለሁ፤ የትምህርቱ ዘመን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ሲሆን በጤና ጣቢያ ሲሠሩት ከነበረው ጋር በጣም ይቀራረባል። ጤና መኮንን ሳይሆኑ በኢትዮጵያ በሕክምና ዶክትሬት የተመረቁ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ ግን መልሴ ፈጽሞ ሌላ ነበር፦ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት አይመለሱም፤ ዲግሪዎን አስመስክረው፣ የፈቃድ ፈተናዎቹን አልፈው በቀጥታ ለሬዚደንሲ ያመለክታሉ።